ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል

የአዲሷ መኪናዬ ብልሽት እኔ መሆኔ በማህተም ተረጋግጧል። ወረቀቱ እጄ ላይ ነው። «የታየ ችግር፦ ግራ ፊት ዝቅ ማለት። ምክንያት፦ የሾፌር ክብደት።» ከሥሩ ፊርማ፣ ፊርማው ላይ ክብ ማህተም።

ወረቀቱን የሞላው ልጅ፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ «ጋሼ፣ ኪሎዎት ስንት ነው?» አለኝ። 88 አልኩ። ቀና ብሎ ከላይ እስከ ታች አየኝና «95 ብለን እንያዘው» ብሎ ጻፈ። ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ «ከዚያስ መች ያንሳል» አሉ። ማን ጠየቃቸው? በዚያ ላይ ሁዳዴ ነው፤ ከሽሮና ከጎመን ሌላ የቀመስኩት ነገር የለም።

በ2016 የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ እንደ ሰው ሁሉ እኔም ተበድሬ ተለቅቼ የኤሌክትሪክ ገዛሁ። የወንበሩ ላስቲክ እንኳ ሳይነሳ በሾፌሩ በኩል ዘመም ብላ አየኋት። እኔ ብቻ ባየሁ ጥሩ ነበር። የአዲስ አበባ ሰው በሌላው ነገር ዝም ሊልህ ይችላል፣ በጎማህ ግን አይጨክንም። መብራት ላይ ስቆም የሚኒባስ ረዳት በመስኮት ተንጠልጥሎ «ፋዘር፣ ጎማህ ጎድሏል!» ይለኛል። ባለ ላዳው ጥሩምባ ነፍቶ ጣቱን ወደ ታች ይቀስራል። ጎሚስታው ለካው፤ አራቱም እኩል ናቸው። ሂሳቡን ግን አልተወልኝም።

ራሴ ሜትር ገዝቼ ለካሁ። ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ፣ ቀኙ ከግራው በ2 ሴንቲሜትር ተኩል ይበልጣል። ይህንን ይዤ የሸጡልኝ ዘንድ ብሄድ «ለጥ ያለ ቦታ ላይ ካልተለካ አይቆጠርም» አሉኝ። እስቲ አዲስ አበባ ውስጥ ለጥ ያለ ቦታ አሳዩኝ! ከእንጦጦ ጀምሮ እስከ አቃቂ ቁልቁለት ነው። የእኛ ሰፈር ኮብልስቶን ደግሞ አንዱ ድንጋይ ሲሰግድ ሌላው ይነሳል። በመጨረሻ መስቀል አደባባይ ሥር ያለው ፓርኪንግ ገብቼ፣ ተንበርክኬ ለካሁ። የጥበቃው ሰው ከበላዬ ቆሞ «መኪና ሥር ምን እየሠራህ ነው?» ሲለኝ «ቁመቷን እየለካሁ» አልኩት። መታወቂያ አምጣ አለኝ። ይህን ሁሉ ከፍዬ ባመጣሁት ልኬት ነው እንግዲህ ያ ወረቀት የተጻፈው።

ባለቤቴ ወረቀቱን አንብባ ሳቋን ዋጠች። በማግስቱ ስወጣ ከጎኔ ባለው ወንበር ላይ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ተቀምጧል። ከግቢው ዘበኛ ጋር ተረዳድተው ነው የጫኑት። «ታመጣጥንልሃለች፤ በዚያውም ወፍጮ ቤት ታደርሳታለህ» አለችኝ።

ገና ከበር ሳልወጣ መኪናዋ ቲን ቲን ትል ጀመር። ጤፉ ቀበቶ አላሰረም። አሰርኩለት። ቦሌ መንገድ ላይ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመኝ፣ አጎንብሶ አየው፣ ቀበቶውን አየ፣ «ይሄስ ሕግ ያከብራል» ብሎ ለቀቀኝ። ማታ ማታ የምሸኘው የሥራ ባልደረባዬ በሩን ከፍቶ ጤፉን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ፤ ኋላ ገብቶ እስከ መገናኛ ቃል አልተነፈሰም። እኔም ጤፉን አንሥቼ እሱን ፊት ላስቀምጥ አላልኩም። ባልደረባዬ በነጻ ነው የሚሄደው፣ ጤፍ ግን ዛሬ ዋጋው ይታወቃል። እያደር ነገሩ ባሰ። ፍሬን ስይዝ ልጅ እንደጫነ አባት እጄን ዘርግቼ ደረቱን ደገፍ አደርገዋለሁ። ፀሐይ ሲበረታ የእሱን በኩል ኤሲ እከፍትለታለሁ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሜ ስሳለም እሱም አብሮኝ ይቆማል። ወፍጮ ቤቱን በየቀኑ አልፈዋለሁ፤ ልወስደው አንጀቴ እምቢ አለ።

መኪናዋ ግን ጤፉን ከቁብም አልቆጠረችው። ቀኙ ንቅንቅ አላለም።

በኋላ አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ መካኒክ በክሪክ አነሷት፣ ባትሪ አብርተው አጮለቁና ሳቁ። ከቀኙ ሞላ መሃል የጡብ ያህል ቀይ ላስቲክ መንግለው አወጡ። ለካ መኪና በመርከብ፣ ከጅቡቲ ወዲህ ደግሞ በጭነት መኪና ሲመጣ እየዘለለ ማሰሪያውን እንዳያላላ ሞላው ላይ ማገጃ ይሰካል። ለገዢው ከመሰጠቱ በፊት መነቀል አለበት። የግራውን ነቅለው የቀኙን ረስተውት ኖሯል።

ልብ በሉ! ግራው አልዘመመም። ትክክለኛው ቁመት የእኔ በኩል ነበር። የተበላሸው እኔ ያልተቀመጥኩበት ነው።

ላስቲኩን ይዤ በረርኩ። «ወረቀቱ ይሰረዝልኝ» አልኩ። ልጁ ላስቲኩን አገላብጦ አየና «ይሄማ የእኛ ንብረት ነው» ብሎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ማስረጃዬ በዚያው ቀረ። ለመሰረዝ ደግሞ ማህተም ያስፈልጋል፤ ማህተም የያዘችው ሴትዮ ስብሰባ ላይ ነች።

ማታ ቀጥ ባለችው መኪናዬ ግቢ ስገባ ዘበኛው በሩን ከፍቶ ቆመ። አንዴ ጎማውን፣ አንዴ ሆዴን አየና ፊቱ በራ።

«ጋሼ፣ እሰይ! ሁዳዴው ተስማማዎት!»