ሁሌ የተሰካ ሀርድ ዲስክ ባካፕ አይደለም

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህር ነኝ። ኔትወርኩም ፕሪንተሩም የሪከርድ ክፍሉ ኮምፒውተርም በኔ ላይ ነው። የሪከርድ ክፍሉ ፋይሎች በቫይረስ ከመቆለፋቸው በፊት አንድ ሰው ቢያስጠነቅቀኝ ኖሮ እያልኩ ስለምቆጭ ነው ይህን የምጽፈው።

ቀላሉን ቶሎ ልበለው። ራውተሩ ከፋብሪካ በመጣበት ፓስወርድ ነበር፣ ቀየርኩት። የተማሪዎቹን የኮምፒውተር ክፍል ከቢሮዎቹ ኔትወርክ ለየሁ። ተማሪ በአድሚን አካውንት እንዳይገባ ዘጋሁ። ሁለት ቅዳሜ በቃኝ።

የጎዳን ሌላ ነው። ሪከርድ ክፍል ማይክሮሶፍት ኦፊስን ያለ ክፍያ አክቲቬት የሚያደርግ ክራክ የጫንኩት እኔው ነኝ። ክራኩ መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ ይላል። አጠፋሁት።

የአንደኛው ሴሚስተር ካርድ ሊሰጥ አራት ቀን ሲቀረው የሪከርድ ክፍሏ ልጅ ጠዋት ደወለች። «መምህር፣ ሮስተሩ አልከፈት አለኝ።» ስደርስ በየፋይሉ ስም መጨረሻ የማላውቃቸው አራት ፊደላት ተቀጥለዋል። በየፎልደሩ አንድ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ተቀምጧል፦ 980 ዶላር ክፈሉ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ካነጋገራችሁን 490። ስቶፕ የሚባለው ራንሰምዌር፣ ማለትም ፋይል ቆልፎ ማስከፈቻ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ነው፤ በብዛት የሚገባውም በክራክ ተሸሽጎ ነው። ኤምሲሶፍት የሚባለው የአንቲቫይረስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣውን ነጻ መፍቻ ሞከርኩ። ለድሮዎቹ ዓይነቶች እንጂ ለኛው አልሆነም።

ባካፕ፣ ማለትም የፋይሎቹ መጠባበቂያ ቅጂ፣ ነበረን። ሀርድ ዲስኩ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ዓመቱን ሙሉ ተሰክቶ፣ ሰማያዊ መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል ይውላል። እሱም አብሮ ተቆልፏል።

ሁለተኛ ዲስክ ይገዛ ብዬ ደብዳቤ አስገብቼ ነበር። «ያለው ምን ሆነ?» ነበር መልሱ። ካርዱ ከተሰጠ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ተገዛ፤ ገንዘቡ ድሮም እንደነበረ ያወቅሁት ያኔ ነው፣ እስካሁን ያንገበግበኛል። ግን ዲስኩን መንቀል በጀት አይጠይቅም ነበር። ይሄኛው በማንም አይሳበብም።

አልከፈልንም። ያዳነን ወረቀት ነው። አንጋፋው የሂሳብ መምህራችን ጠርዙ ሻይ የነካው ደብተራቸውን ይዘው መጡ፤ የ8ኛ ክፍል ማርክ ከነፈተናው፣ ከነቤት ሥራው በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። ወረቀቱን ይተዉ እያልኩ ስጨቀጭቃቸው የኖርኩት ሰው ናቸው። ሌሎቹም ያላቸውን አመጡ፣ ሦስት ሌሊት ስናስገባ አደርን፣ የአንድ ክፍል የስፖርት ማርክ ግን ከየትም ስላልተገኘ ልጆቹ እንደገና ተፈተኑ።

አሁን ሁለት ዲስክ እያፈራረቅኩ ዓርብ ዓርብ እሰካለሁ፣ ገልብጬ እነቅላለሁ፣ ካዝና ውስጥ ይቆለፋል። በወር አንዴ አንድ ሮስተር ከዲስኩ አውጥቼ በሌላ ኮምፒውተር እከፍታለሁ፤ ያልተከፈተ ባካፕ አላምንም። ክራክ አትጫኑ፤ በኦፊስ ፋንታ የሚሠራው ላይብረኦፊስ ነጻ ነው፣ ሮስተር ይሠራል።

ፓስወርድ በየወሩ ቀይሩ የሚለውን መመሪያ ደግሞ ትቼዋለሁ። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስትም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በየጊዜው ማስቀየርን አይመክርም። እኛ ጋ በየወሩ ስናስቀይር ፓስወርዱ በፕላስተር ኪቦርድ ሥር ይለጠፍ ነበር። አሁን ረጅም የአማርኛ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ፊደል አስይዣቸዋለሁ። ተሰረቀ ብዬ ካልጠረጠርኩ አላስቀይርም።