ሄግ ውስጥ ሦስት ዛፎች

አምስተርዳም ያደርኩት ስድስት አልጋ በተደረደረበት ክፍል ነው። ስልሳ ዩሮ ከፍዬ! ከላዬ የተኛው ልጅ ሲያንኮራፋ አልጋዬ አብሮ ይርገበገባል። ጠዋት ባቡር ያዝኩ። ስለ መንገዱ አትጠይቁኝ፣ ተኝቼ ነው የደረስኩት።

ሄግ ላይ በትራም ቀጠልኩ። እዚያ አገር ስትሳፈርም ስትወርድም ካርድህን ማሽኑ ላይ ማስነካት አለብህ። ስወርድ ረሳሁትና ከዋጋው በላይ ተቆረጠብኝ። ወያላ ቢኖር "ወራጅ አለ!" ብዬ በሰላም እወርድ ነበር።

የመጣሁት ለፒየት ሞንድሪያን ነው፤ በጥቁር መስመርና በቀይ፣ በሰማያዊ፣ በቢጫ አራት ማዕዘኖች ለሚታወቀው ሆላንዳዊ ሠዓሊ። የሄጉ የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ኩንስትሙዚየም፣ 300 ገደማ ሥራዎቹን ይዟል። እውነቱን ለመናገር "ይሄንማ ማስመሪያ ካለኝ እኔም እሠራዋለሁ" ከሚሉት ነበርኩ።

ዛፎቹን እስካይ ድረስ። ቀዩ ዛፍ (እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1910) ሰማያዊ ምሽት ላይ የቆመ፣ ዛፍነቱ የማያጠራጥር ዛፍ ነው። አለፍኩት። የ1911ዱ ግራጫ ዛፍ ላይ ግን እግሬ አልነሳ አለኝ። ጠጋ ብዬ ሳይ፣ በቅርንጫፎቹ መሀል ያለው አየር በወፍራም ቀለም ተለስኗል። የብሩሹ ዱካ ቅርንጫፉን ተከትሎ ይጎብጣል። የቱ ከፊት፣ የቱ ከኋላ እንደሆነ ይምታታል። በ1912ቱ የፖም ዛፍ ላይማ ዛፉ ራሱ የለም ማለት ይቻላል። የጎበጡ መስመሮች አሉ፤ በመሀላቸው ዓሣ የሚመስሉ ክፍት ቦታዎች። ባዶው ቦታ ቅርጽ ሆኖ ቁጭ ብሏል።

ጋሼ ትዝ አሉኝ። በልጅነቴ መርካቶ የሱቅ ማስታወቂያ ሲጽፉ ቀለም አቀብላቸው ነበር። "መ"ን ስሞክር ሁሌ ይቆጡኛል። "መስመሩን ተወው፣ ሆዷን እይ! ሁለቱ ሆዶቿ ካልተካከሉ ቀለሜን አታባክን።"

መጨረሻ ላይ "ቪክትሪ ቡጊ ዉጊ" የተባለው ሥዕል አለ፤ ሞንድሪያን በ1944 ኒው ዮርክ ውስጥ ሲሞት ሳይጨርሰው የቀረ። ፊት ለፊቱ ተገትሬ ሳለሁ አንዲት ፀጉራቸው የሸበተ ጥበቃ በእጃቸው ጠሩኝ። ከጎን እንዳየው ነው። አየሁት። ሸራው ላይ ባለቀለም የወረቀትና የፕላስተር ቁርጥራጮች ተለጥፈዋል፤ የአንዳንዱ ጠርዝ ብቅ ብሏል። ለካ ሰውዬው ቁራጩን እያነሳ እየጣለ፣ መሀሉ ልክ እስኪመጣለት ያዟዙረው ነበር። ጋሼ በጠመኔ ጽፈው በመዳፋቸው ጠረግ እንደሚያደርጉት። ማስመሪያ ያልኩትን ዋጥኩ።

በነገራችን ላይ፣ ጀርመን፣ ዱሰልዶርፍ ያለው ሌላ የሞንድሪያን የፕላስተር ሥራ ለአሥርት ዓመታት ተገልብጦ ሳይሰቀል አልቀረም የተባለው በ2022 ነው። ቢያዞሩት ፕላስተሩ እንዳይላቀቅ ፈርተው እንዳለ ተዉት።

ለጋሼ የፖሙን ዛፍ ፖስትካርድ ገዛሁ። ማታ አልጋዬ ላይ አስቀምጬው ያ አንኮራፊ አነሳው። ገልብጦ ይዞ ትንሽ አየና "አሪፍ ነው" አለኝ። አላቃናሁለትም።