የንባብ ምሽት ከማዘጋጀታችሁ በፊት የቀረጻውን ነገር ጨርሱ

ለሳይንሳዊና ለምናባዊ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች በየወሩ የንባብ ምሽት ለማዘጋጀት ያሰበ ሰው ሲያማክረኝ፣ ስለ አዳራሹና ስለ ማስታወቂያው ከመነጋገራችን በፊት የሚነበበውን ማን እንደሚቀርጽና ቅጂው በማን እጅ እንደሚቀር እጠይቀዋለሁ። እኔ ስጀምር ይህን የጠየቀኝም ሆነ ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም።

የቀረው ሥራ ትጋት እንጂ ብልሃት አይፈልግም። ቀኑ ከወር ወር መለወጥ የለበትም፤ በኒው ዮርክ ኬጂቢ ባር የሚካሄደው የታወቀ ንባብ የወሩን ሦስተኛ ረቡዕ ይዞ፣ በአንድ ምሽት ሁለት ጸሐፊዎችን እያቀረበ ለብዙ ዓመታት ዘልቋል። እኔም የሁለት ጸሐፊዎችን ልማድ ከዚያ ወስጄ በመካከል ዕረፍት ጨመርሁበት። ለትንሽ ክፍል ማይክሮፎን አያስፈልግም የሚሉ ሰዎችን አትስሟቸው፤ በእኛ ዘርፍ የሰዎቹም የከተሞቹም ስም የተፈጠረ በመሆኑ፣ አንዱን ስም ያልሰማ አድማጭ ገጽ ገልጦ ሊመለስበት አይችልም።

ስለሚነበበው ጽሑፍም ጽኑ አቋም አለኝ። አሳታሚዎች ለሽያጭ የቀረበው ረጅም ልብ ወለድ እንዲነበብ ይመክራሉ፤ ነገር ግን ከመካከል የተቆረጠ ምዕራፍ የሁለት ሥርወ መንግሥታትን ጠብና የአስማቱን ሕግ የሚያስረዳ ረጅም መግቢያ ስለሚፈልግ፣ አድማጩ ታሪኩ ሳይጀመር ይደክማል። እኔ የምመርጠው ከሃያ አምስት ደቂቃ የማያልፍ፣ በዚያው ምሽት ተጀምሮ የሚያልቅ አጭር ልብ ወለድ ነው። ጽሑፉን ለጆሮ ብሎ ማሳጠርም ነውር የለበትም፤ ቻርልስ ዲከንስ እ.ኤ.አ. በ1853 በበርሚንግሃም ለሕዝብ ማንበብ የጀመረውን የገና መናፍስት ታሪክ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየቆረጠ ያሳጥረው፣ ለንባብ ብቻ ባዘጋጀው ቅጂ ላይም ምልክት ያደርግ ነበር።

ወደ ቀረጻው ልመለስ። አዳራሹን የሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት ባስሞላኝ ቅጽ ውስጥ፣ በአዳራሹ የሚቀርብ ማንኛውም ዝግጅት ተቀርጾ በጽሕፈት ቤቱ ገጾች ሊሠራጭ እንደሚችል የሚገልጽ አንቀጽ ነበር። አንቀጹን ሰርዤ ከጎኑ ፈረምሁ፤ ምክንያቱንም ለኃላፊው አስረዳሁት፤ እርሱም ቅጹን ተቀብሎ ማኅተም አደረገበት። ከዚያ በኋላ በነበረ አንድ ምሽት፣ አንዲት ጸሐፊ ለመጽሔት ልካ የመጨረሻ መልስ የምትጠብቅበትን ያልታተመ ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበች። ብዙም ሳይቆይ ሙሉ ቀረጻው በጽሕፈት ቤቱ የቪዲዮ ገጽ ላይ፣ ማንም ሊያየው በሚችልበት ሁኔታ ተለጥፎ አገኘነው።

ጉዳዩ ለምን ከባድ እንደሆነ ላስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1886 የተፈረመው፣ በኋላም በየጊዜው የተሻሻለው፣ የደራሲያንን መብት የሚያስጠብቀው ዓለም አቀፍ የበርን ስምምነት፣ የሥነ ጽሑፍ ሥራን በአደባባይ ማንበብ እንደ ኅትመት እንደማይቆጠር በሦስተኛው አንቀጹ ይደነግጋል፤ ስለዚህ በአዳራሽ የተነበበ ታሪክ አሁንም ያልታተመ ነው። መጽሔቶች ግን ብዙውን ጊዜ የሚገዙት የመጀመሪያውን የኅትመት መብት ሲሆን፣ ብዙዎቹ በኢንተርኔት ለሁሉም ክፍት የሆነን ሙሉ ታሪክ እንደ ታተመ ይቆጥሩታል። አርታኢው ታሪኩን ወድዶት ነበር፤ ቀረጻውን ካገኘው በኋላ ግን ለመቀበል እንደማይችል ጻፈላት።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ የጽሕፈት ቤቱ መልስ ነው። የሕዝብ ግንኙነቱ ክፍል ወደ ቴክኒክ ክፍሉ ላከን፤ የቴክኒክ ክፍሉ ያለ ኃላፊው ደብዳቤ ምንም እንደማያነሣ ነገረን፤ ኃላፊው ደግሞ የሰረዝሁበትን ቅጽ ከፋይሉ አውጥቶ እያየው፣ አሠራራቸው ሁሉንም መለጠፍ እንደሆነና ጸሐፊዋም ነጻ ማስታወቂያ ስላገኘች ልታመሰግናቸው እንደሚገባ ተናገረ። ያው የበርን ስምምነት ንባብን ወደ ሕዝብ የማሠራጨትን ፈቃድ ለደራሲው እንደሚሰጥ በጽሑፍ ባቀርብለትም አላነበበውም። ቪዲዮው የተነሣው ከብዙ ምልልስ በኋላ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የመጽሔቱ ዕድል አምልጧል።

አሁን በሌላ አዳራሽ፣ በሌላ ደንብ እሠራለሁ። ከአዳራሹ ቅጽ የተለየ አንድ ገጽ ስምምነት አለኝ፤ ደራሲው በስሙ ካልፈቀደ በስተቀር ድምፅም ምስልም እንደማይያዝ ይገልጻል። ቅጂውን ለአስተዳደሩ ብቻ ሰጥቼ አልመለስም፤ ካሜራውን ለሚይዘው ሰው ራሱ፣ ንባቡ ከመጀመሩ በፊት በእጁ እሰጠዋለሁ፤ ምክንያቱም ማኅተም ያለበት ወረቀት በቢሮ ውስጥ ተቀምጦ እያለ ካሜራው ሲሠራ አይቻለሁና። አድማጮችም በስልካቸው እንዳይቀርጹ የምጠይቀው ደራሲው ወደ መድረክ ከመውጣቱ በፊት ነው። ተመልካች እንዲበዛ ሁሉን ቅረጹ የሚለውን ምክር አልቀበለውም፤ መቀረጽ ያለበት አስቀድሞ የታተመ ሥራ ወይም ከንባቡ በኋላ የሚደረገው ውይይት ነው። ያለ ካሜራ አዳራሽ አንሰጥም ለሚል አስተዳደር ደግሞ አዳራሹን ትቶለት፣ ጠባብም ቢሆን ሌላ ክፍል መፈለግ ይሻላል።

ጸሐፊዋ በመጨረሻ ታሪኳን፣ ቀድሞ የታተሙ ሥራዎችን ዳግም ለሚያወጣ መጽሔት ባነሰ ክፍያ ሰጠችው። ከጽሕፈት ቤቱ ግን የይቅርታ ደብዳቤ እስካሁን አልደረሳትም።