ወንጭፍ ስማር፦ የጠጠሩ ነገር

ባለፈው ቅዳሜ ማማ ላይ ቆሜ 20 ጊዜ ወነጨፍኩ። 14ቱ ያሰብኩት ቦታ ወደቁ። ለገበሬ ልጅ ይሄ ምንም አይደለም። እኔ ግን ከመስከረም ጀምሮ የለፋሁበት ነውና ትንሽ ልኩራ።

ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው፤ ወንጭፍን የማውቀው በስም ነበር። አጎቴ ሸዋ ሮቢት አጠገብ ማሽላ ይዘራል። ዘንድሮ ወፍ ጠባቂ ሲያጣ «ቅዳሜና እሁድ እንኳ ብቅ በል» አለኝ። አያያዙን የ10 ዓመት ልጁ በአንድ ከሰዓት አሳየኝ። ከሁለቱ ገመዶች የአንዱን ጫፍ ቀለበት በጣት ማጥለቅ፣ የሌላውን ቋጠሮ መያዝ፣ አዙሮ ቋጠሮውን መልቀቅ። መቼ እንደሚለቀቅ ለማወቅ ግን ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። በዚህ መሃል አንዱ ጠጠር ወደ ኋላ ሄዶ የአክስቴን የውሃ ጀሪካን ሰነጠቀው። እስካሁን አልተካሁላትም።

ያቃጠለኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። አንዱ ጠጠር ማሳውን አልፎ ይሄዳል፣ ቀጣዩ ማማው ሥር ይወድቃል። ጥፋቱ የእጄ መስሎኝ ስበሳጭ ከረምኩ። በኋላ የቤቴን ዲጂታል ሚዛን ይዤ ሄድኩ። አጎቴ «ወርቅ ልትሸጥልን ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ኪሴ ውስጥ ከነበሩት ትንሹ 22 ግራም፣ ትልቁ 140 ግራም! እጅ ምኑን ይልመድ?

ከዚያ በየክብደቱ እየለየሁ ሞከርኩ። ከ30 ግራም በታች ያለው ከወንጭፉ ሆድ (ጠጠሩ ከሚቀመጥበት) ቀድሞ ያመልጣል፤ ቢሄድም ነፋስ ይጫወትበታል። ከ100 በላይ ያለው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ማታ ግን ትከሻ ያስለቅሳል። ለእኔ ክንድና ለእኔ ገመድ 60 ግራም ተስማማ። ችግሩ እሱን ማግኘት ነው። ሮቢ ወንዝ ወርጄ አንድ ሰዓት ሙሉ ለቅሜ ድብልብልና ልክ የሆነ 19 ብቻ አገኘሁ። ትንንሾቹን በጨርቅ ጠቅልዬ የወንጭፉን ሆድ እንዲሞሉ ላድርግ አልኩ። ጨርቁ አየር ላይ ተፈታና እንደ ባንዲራ እየተውለበለበ ወረደ። ልጁ በሳቅ ሞተ።

መፍትሔው ከአክስቴ መጣ፤ ጭቃ። መረሬ (ጥቁሩ ሸክላ) አፈር ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ እንደ ግድግዳ ምርጊት የጤፍ ጭድ ይግባበት። እርጥቡን 75 ግራም አድርጌ አድቦለቡለዋለሁ፤ ጥላ ላይ ሲደርቅ ወደ 60 ይወርዳል። ፀሐይ ላይ አታድርቁት፤ የመጀመሪያዎቹን 40 በዚህ አበላሽቻለሁ። ጭቃው ሲያርፍ ይፈረፈራል፣ የማሽላውን ራስ አይሰብርም። አጨዳ ሲመጣ ማጭድ የሚያዶለዱም ድንጋይም ማሳ ውስጥ አይቀርም። ዝንጀሮ ግን በጭቃ አይደነግጥም። ለእሱ የወንዝ ጠጠሮቼን ለይቼ አስቀምጫለሁ፤ ጠጠሮቹንም አጠገቡ ለመጣል እንጂ ዝንጀሮውን ለመምታት አይደለም።

የናይለን ገመድ ወንጭፍ አልወድም፤ ያንሸራትታል። ቃጫ ይሻላል። አራት አምስት ጊዜ ማሽከርከርም ለታይታ ነው፤ አንድ ዙር ይበቃል። (ልጁ ግን አምስቴ አሽከርክሮም አይስትም፤ ምን እላለሁ።)

ግሪሳ ወፍ በመንጋ ከመጣ ደግሞ ይሄ ሁሉ ልፋት ገደል ይገባል። ባለፈው እሁድ ማለዳ ደመና መስሎ መጣ። በአንድ በኩል ሳባርር በሌላው ያርፋል። ሦስት ሰው ሆነን ቆርቆሮ እየደበደብን ነው የገፋነው፤ ያደረቅኳቸው ኳሶችም ገና ረፋድ ሳይደርስ አለቁ። ለቅዳሜ 200 እያድቦለቦልኩ ነው። የኪራይ ቤቴ በረንዳ ሙሉ ጭቃ ነው፤ አከራዬ ገና አላዩትም።