የቤት ብድር፦ በደላላ ወይስ በራስ?

ዛሬ ከአንድ የቤት ብድር ደላላ ጋር ረጅም ሰዓት ተቀምጬ ተነጋገርሁ። ሰውየው ሥራውን ያውቃል። የገቢ ማስረጃዎቼን አገላብጦ የትኛው አበዳሪ እንደሚያስቸግረኝ፣ የትኛው ሊቀበለኝ እንደሚችል ወዲያው ነገረኝ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ገቢው ወር በወር የሚለዋወጥ ሰው ከባንክ ባንክ እየዞረ ሲያመለክት የሚያጣው ጊዜውን ብቻ አይደለም፤ የማመልከቻዎቹ መደራረብም በብድር ታሪኩ ላይ ጥላ ሊያጠላ ይችላል።

ከዚያ ዋናውን ጥያቄ አነሣሁ፦ «ክፍያዎን የሚያገኙት ከማን ነው?» ከአበዳሪው፣ ብድሩ ሲለቀቅ፣ በብድሩ መጠን ላይ ተሰልቶ የሚሰጥ ኮሚሽን ነው። ስላልሸሸገኝ አመሰግነዋለሁ። ነገር ግን ብድሩ በጨመረ ቁጥር የእርሱም ድርሻ ይጨምራል፤ ስለዚህ «ትንሽ ከፍ አድርገው ይበደሩ» የሚለውን ምክሩን በጥንቃቄ ነው የሰማሁት። ደግሞም የሚያወዳድርልኝ አብረውት የሚሠሩትን አበዳሪዎች ብቻ ነው። ደላላ ጨርሶ የማይቀበሉ ባንኮችም አሉ።

ማታ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በየወሩ እየተከፈለ በ20 ዓመት የሚያልቅ የ1 ሚሊዮን ብድር ወለዱ ከ10.5 ወደ 10 በመቶ ቢወርድ፣ በጠቅላላው 80 ሺህ ያህል ይቀንሳል። ግማሽ በመቶ ይህን ያህል ናት!

ደላላውን አልተውሁትም። ሆኖም ከመፈረሜ በፊት ባንኮቹን ራሴ እጠይቃለሁ፤ ወለዱን ብቻ ሳይሆን የአገልግሎት ክፍያውንና ዕዳን ቀድሞ ለመክፈል የሚጣለውን ቅጣት ጭምር በጽሑፍ እቀበላለሁ። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ካላችሁ፣ እናንተ ደላላችሁን ምን ጠየቃችሁት?