ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የሰፋው ብሌን

ስሙ ይክበር ይመስገን! የእኅቴን ልጅ ደብረ ሲና አካባቢ በቅሎ ቀኝ ጆሮ ግንዱን ረገጠችው። ወዲያው ተነሥቶ ቁርሱን በላ። እዚያ ጋ አጥንቱ ስስ ነው፤ ከሥሩ ያለው የደም ቧንቧ (አርተሪ) ከተቀደደ ደም በአጥንቱና በአንጎሉ ሽፋን መካከል ይጠራቀማል፤ ልጁ ግን ለሰዓታት ደህና ይመስላል። ከሰዓት በኋላ አስመለሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ አለው። «ደክሞት ነው፣ ይተኛ» ብንል ኖሮ ተዝካሩን ነበር የምናወጣው።

ጣርማ በርን በጉም ወጥተን ደብረ ብርሃን ስንደርስ የቀኝ ብሌኑ ሰፍቷል። የአንጎል ግፊት የሚቀንሰው መድኃኒት፣ ማኒቶሉ፣ በብርዱ ጠርሙሱ ውስጥ እንደ ስኳር ረግቷል። ነርሷ (እመብርሃን ዘርሽን ትባርክ!) ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክራ እስኪጠራ ጠበቀች፤ ለብ ሲል ፊልተር ባለው መስመር 200 ሚሊ ሊትር ሰጠችው። ባለ 20 ፐርሰንቱ ነው፣ ለ40 ኪሎ ልጅ 40 ግራም። ሽንት ስለሚያጎርፍ የሽንት ቱቦ (ካቴተር) ገባለት። ራስጌውን 30 ዲግሪ ከፍ አድርገው 130 ኪሎ ሜትር ወደ አዲስ አበባ።

ቀዶ ሕክምናው ተሳካ ተባልን። ያቺ ሌሊት ግን!

በየሰዓቱ ነርሷ ትቀሰቅሰዋለች፣ ስሙን ትጠይቀዋለች፣ የዓይኑን ቆብ በጣቷ ከፍታ ባትሪ ታበራለች። እናቱ «ተይው ይተኛ፣ በማርያም» ትላታለች። 7 ሰዓት ላይ ብሌኑ 3 ሚሊ ሜትር፣ ሲበራበት ይጠብባል። 8 ሰዓት ላይ 5 ሚሊ ሜትር፤ ሲበራበት ዝም። ከቁስሉ ደም በሚያወጣው ቱቦ (ድሬን) ላይ የሚወርድ ደም የለም። ደሙ ቆመ ብለን ደስ ብሎን ነበር፤ ለካ ቱቦው በረጋ ደም ተደፍኗል። የንቃቱ መለኪያ (ጂሲኤስ፣ ሙሉው 15 ነው) ከ14 ወደ 9 ወረደ። አንጎል ላይ የነበረው ጫና ሲነሣ፣ ታፍኖ የቆየ ትንሽ ደም ሥር እንደገና ሊደማ ይችላል።

ኮሪደሩ ላይ ከእግዚአብሔር ጋር ተጣላሁ። «ልትወስደው ከሆነ ለምን መለስከው? እናቱን ሁለቴ ልትገድላት ነው?» አልኩት፣ ጮኼ። እኅቴ «ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ» ብላ ጀመረች፤ መጨረስ አቃታት።

ስፌቱን ፈትተው ዳግም ከፈቱት። የረጋውን ደም አጠቡ፤ ከአጥንቱ ጠርዝ የሚያዥውን በሰም ደፈኑ፤ ደም የሚጠራቀምበት ክፍተት እንዳይኖር ሽፋኑን ዙሪያውን ከአጥንቱ ጋር ሰፉት። ሲነጋ ብሌኑ 3 ሆኗል። ስሙንም ተናገረ። ተመስገን!

እንዳያንቀጠቅጠው መከላከያውን ፌኒቶይን ለ7 ቀን ወሰደ። ቁስሉ እስኪድን ካህኑ «ራሱን አታስነኩት» ስላሉን ፀበሉን በአፉ ብቻ ጠጣ። ወራቱም አለፉ፣ ትምህርቱን ቀጠለ። እኅቴ ለጻድቃኔ ማርያም የተሳለችውን ጥላ አስገብታለች።