ሻንጣዬን ልከታተል፣ እኔን ግን ማንም እንዳይከታተለኝ

ከአሜሪካ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሻንጣው ውስጥ ምን እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ግማሹ የራሱ፣ ግማሹ የሰው አደራ ነው። የእኔም እንደዚያው ነበር፤ መድኃኒት፣ የልጆች ጫማ፣ ለሠርግ የተላከ ልብስ። የራሴ ዕቃ ቢጠፋ ይጥፋ እላለሁ። የሰው አደራ ግን ያስጨንቃል። ስለዚህ በየሻንጣው አንዳንድ ኤርታግ ከተትኩ።

ኤርታግ አፕል እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣት፣ ከሳንቲም ትንሽ ከፍ የምትል ክብ ዕቃ ናት። ሲጀመር 29 ዶላር ነበረች። ብዙ ሰው ጂፒኤስ ያላት ይመስለዋል። የላትም። ሲም ካርድም የላትም። የምትሠራው በብሉቱዝ ነው። በአጠገቧ የሚያልፍ የማንም ሰው አይፎን ሲግናሏን ይሰማና የራሱን ቦታ አመስጥሮ ያስተላልፍላታል። የስልኩ ባለቤት አያውቅም፤ አፕልም ማንበብ አይችልም። ስልካችሁ ካርታ ላይ የምታዩት እንግዲህ የመጨረሻው አላፊ አግዳሚ ስልክ የነበረበትን ቦታ ነው። ይህን ካወቃችሁ መጀመሪያ የምታነቡት ነጥቡን ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ሰዓት ይሆናል።

ሲአር2032 የተባለው ባትሪ አንድ ዓመት ያህል ይቆያል። ስትቀይሩ ልጆች እንዳይውጡት መራራ ነገር የተቀባውን አትግዙ፤ ከኤርታግ ጋር አልሠራ ሊል ይችላል። መከታተያውን የውጭ ኪስ ውስጥ ሳይሆን ልብስ መሃል ቅበሩት። የጠፋ ዕቃ ላገኘ ሰው የሚታየው ስልክ ቁጥርም ባንክና ቴሌግራም የተያያዙበት ዋናው ቁጥራችሁ ባይሆን ይመረጣል። እኔ ሌላ ቁጥር ነው ያስገባሁት።

ቦሌ ስንደርስ አንዱ ሻንጣ ቀረ። ካርታውን ሳየው ትራንዚት ያደረግንበት የአውሮፓ ከተማ ተቀምጧል። ሰዓቱም ትኩስ ነው። ፎርም ሞላሁ፣ የመከታተያ ቁጥር ተሰጠኝ። ከዚያ የዕቃውን ሎኬሽን የሚያሳይ ሊንክ ፈጥሬ ለአየር መንገዱ ላክሁ። ይህ ከአይኦኤስ (የአይፎን ሶፍትዌር) 18.2 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ሊንኩ በሰባት ቀን ይሞታል፤ ዕቃው እጃችሁ ሲገባም በራሱ ይዘጋል፤ ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ ማቋረጥ ትችላላችሁ። ዘመድ ሁሉ «የት ደረሰ?» እያለ ሲደውል የቤተሰቡ ግሩፕ ላይ ስክሪንሻት ለጠፍኩ። ሊንኩ ለሚሠራበት ሰው ብቻ ይሂድ።

ሻንጣው ቦሌ የገባ ለት ካርታው ወዲያው ነገረኝ። መንገደኛው አይፎን ይዟላ። ሻንጣው ገርጂ አክስቴ ቤት ከገባ በኋላ ግን ነጥቡ ደነዘዘ። ሰፈሩ በሙሉ ቴክኖና ሳምሰንግ ነው የሚይዘው። አዲስ አበባ የምትኖሩ አንድሮይድ ያላችሁ ሰዎች ስጦታ ብላችሁ ኤርታግ አታስልኩ፤ በአንድሮይድ ስልክ ልታስመዘግቡት አትችሉም። ጉግል ዕቃ ለመፈለጊያ ላዘጋጀው ፋይንድ ሃብ የተሠራ ነው የሚያስፈልጋችሁ። እሱም ቢሆን ሲመጣ ባለው ሴቲንግ ቦታ የሚያሳየው ብዙ ስልኮች በሚተላለፉበት አካባቢ ነው። ለቤታችሁ ምስጢር ጥሩ ነው፤ ጭር ያለ ቦታ ለወደቀ ቁልፍ ግን አይሆንም።

ሻንጣውን ከቦሌ ያወጣነው በአክስቴ ልጅ መኪና ነበር። እኔ ለቅሶ ልደርስ መንገድ ላይ ወረድኩ፤ ሻንጣው እሱ ጋ አደረ። በማግስቱ ደወለ። «አንቺ፣ ስልኬ የማታውቀው መከታተያ አብሮህ እየሄደ ነው ይለኛል። ማን ነው የሚከታተለኝ?» ለአፍታ ሚስቱን ሁሉ ጠርጥሮ ነበር። የእኔ ሻንጣ መሆኑን ስነግረው ሁለታችንም ሳቅን። ማስጠንቀቂያው ግን ሥራውን ሠርቷል። አፕልና ጉግል ተስማምተው ከግንቦት 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አይፎንም አንድሮይድም እንዲህ ያለ መከታተያ ሲያገኝ ይናገራል። በአንድሮይድ በኩል ከ6.0 ወዲህ ያሉት ሁሉ ይችላሉ።

ይህ መልእክት ሲመጣባችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉት። ስትነኩት መከታተያው ከእናንተ ጋር የዞረበትን ካርታ ያሳያል። ድምፅ የሚያሰማ ቁልፍም አለው። ስልካችሁ ኤንኤፍሲ (ዕቃ ሲያስጠጉለት የሚያነብበት) ካለው መከታተያውን ወደ ጀርባው አስጠጉት፤ የሚከፈተው ገጽ ላይ መለያ ቁጥሩና የባለቤቱ ስልክ የመጨረሻ አራት አሃዞች ይወጣሉ። ኤርታግ ከሆነ ብረቱን ተጭናችሁ ወደ ግራ ስታዞሩት ይከፈታል፤ ባትሪውን ማውጣት ነው። የምትፈሩት ሰው ካለ ግን አትቸኩሉ። ባትሪው ከወጣ ባለቤቱ ሎኬሽኑ መቆሙን ያያል። ፎቶ አንሱ፣ ቁጥሩን ያዙ፣ የምታምኑት ሰው ጋ ወይም ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ። የድምፁን ነገር ደግሞ ብዙ አትመኑበት። ስፒከሩ ተነቅሎ የሚሸጥ አለ።

አክስቴ ይህን ስትሰማ «እንግዲያው ለልጁ ቦርሳ ውስጥ እንክተትለት» አለች፤ የልጅ ልጇን ማለቷ ነው። ይቅር አልኳት። ኤርታግ ለዕቃ የተሠራ ነው፤ ሰፈሩ አንድሮይድ ከሆነ ደግሞ ልጁ ትምህርት ቤት ሆኖ ካርታው ጠዋት የወጣበትን በር ሊያሳያት ይችላል። ባልና ሚስት በድብቅ ስለሚያደርጉትማ ባልናገር ይሻላል። የተሰረቀ ዕቃ ነጥቡ አንድ ግቢ ላይ ቢያርፍም በሩን ለማንኳኳት ብቻችሁን አትሂዱ።

አዲስ አበባ ውስጥ ትልቁ የሎኬሽን ጉዳይ ግን መከታተያ አይደለም። «ሎኬሽን ላኪልኝ» ነው። የቤት ቁጥር ይዞ ቤት የሚያገኝ ሰው ስለሌለ፣ ልብስ አምጪውም ቧንቧ ሠሪውም ቴሌግራም ላይ ፒን ይጠይቃል። እኔ ከበሩ ይልቅ አጠገቡ ያለውን ፋርማሲ እልካለሁ፤ ሲደርሱ ወጥቼ እቀበላለሁ። ፒኑንም ከሁለታችንም በኩል እሰርዘዋለሁ። ቴሌግራም ይህን ይፈቅዳል። ላይቭ ሎኬሽን ካስፈለገ 15 ደቂቃ ይበቃል። ስምንት ሰዓት ለማንም አልሰጥም፤ ማታ ብቻዬን ታክሲ ስይዝ ለእህቴ ካልሆነ በቀር።

ስልኩ ውስጥ ደግሞ አፖቹን አንድ በአንድ አየሁ። የታክሲ አፕ ስጠቀምበት ብቻ። የአየር ሁኔታ ከተማዬን ይወቅ እንጂ በሬን ምን ያደርግለታል? ትክክለኛ ሎኬሽን የሚለውን አጠፋሁበት። ጌምና የእጅ ባትሪ በጭራሽ። ሁሉንም ከናካቴው ማጥፋት የሚመክሩ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ስልኩ ሲጠፋ ያን ጊዜ በምን ሊያገኙት ነው?

የአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ ሲያይ የመኪናው ጂፒኤስ ትዝ አለው። ሲም ካርድ የሚገባበት፣ ርካሹ ዓይነት ነው። እንዲህ ያሉት ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ የይለፍ ቃላቸው 123456 ነው። ሞከረው፤ ከፈተ። እዚያው ቀየረውና ጂፒኤሱን የገጠመለት ሰው ጋ ደወለ፤ የማን የማን ስልክ ቁጥር እንደተመዘገበበት ለመጠየቅ።